የእናቴ የመዳፍ ኦፕራሲዮን፦ የሚሟሟ ክር ይሻላል ወይስ የሚወጣው?

የከዚራዋ | ግንቦት 8፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና የምታውቁትን አካፍሉኝ።

እናቴ የምትኖረው ኤረር ነው። እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። ካምና ጀምሮ ቀኝ እጇ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛታል፤ አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሀል ጣቷ። ከእንቅልፏ ባንና ትነሳና እጇን እንደ እርጥብ ጨርቅ ታራግፋለች። ሰሞኑን ደግሞ ሲኒ ከእጇ እያመለጠ ሁለት ሰበረች። እዚህ ድሬ አምጥቼ አሳየኋት። አንጓዋ ላይ ነርቭ ተጭኖባታል፣ ካርፓል ተነል ይባላል አሉን። መዳፏ ግርጌ ላይ ትንሽ ተከፍቶ ነርቩን የሚጫነው ጅማት ይቆረጥና ይለቀቃል። ማደንዘዣው እጇ ላይ ብቻ ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትገባለች።

ዶክተሩ ቁጭ አድርጎ በደንብ አስረድቶናል። መጨረሻ ላይ ግን "ቆዳውን በናይለን ልሰፋው እችላለሁ፣ በሚሟሟ ክርም ይቻላል። የሚሟሟውን ከመረጣችሁ ከውጭ ፋርማሲ ገዝታችሁ አምጡ፤ አስቡበት" አለን። እናቴ ወዲያው "የሚሟሟው ይሁንልኝ፣ ክር መመዘዝ አልችልም" አለች። እኔን ግን ጭንቅ ያዘኝ። ስኳር አለባት። የግንቦትን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ እጅ ላብ በላብ ነው የሚውለው። እሷም አርፋ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ቀጠሮዋ ግንቦት 15 ነው። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

የሳቢያን አባት | ግንቦት 8፣ ማታ

አቦ አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ይማርልሽ። እኔ ሁለቱንም በልጆቼ አይቻለሁ። ትልቁ ወድቆ አገጩ ተሰንጥቆ በናይለን ተሰፋ። ክሩ የሚወጣ ቀን እኔ እግሩን፣ እናቱ እጁን፣ ነርሷ ጭንቅላቱን ይዘን ነው የወጣለት። ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ትንሿ ደግሞ በአራት ዓመቷ የብረት በር ጣቷን ያዛትና ተሰፋች፤ ያን ጊዜ ግን የሚሟሟ ክር ይሁንላት ብዬ ለመንኩ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ገላዋን ሳጥባት ቋጠሮዎቹ ፎጣው ላይ ረገፉ። ልጅቷ አላወቀችም እንኳ። ወላሂ ከዚያ ወዲህ ሌላ ክር አልመርጥም።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ | ግንቦት 9፣ ጠዋት

እኔ የምውለው ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ክር ማውጣት የየዕለት ሥራዬ ነው። ስለዚህ ከእናትሽ ፍርሃት ልጀምር።

ናይለን ሲወጣ ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ እንደ መርፌ አይወጋም። ቋጠሮውን በፒንሳ ይዤ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ከሥሩ፣ ቆዳው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ንጹሑ ክር ብቅ ሲል እሱ ላይ በመቀሱ ጫፍ አንዱን እግር እቆርጣለሁ። ከዚያ ወደ ቁስሉ አቅጣጫ ሳብ ማድረግ ነው፣ ወጣ። ከሥሩ የምቆርጠው ውጭ የቆየው ቆሻሻ ክር በሥጋዋ ውስጥ እንዳያልፍ ነው፤ ወደ ቁስሉ የምስበው ደግሞ የገጠመው ጠርዝ እንዳይለያይ ነው። አንዱ ክር ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። የሚያመው ደም ደርቆበት ሲያዝ ነው። ያን ጊዜ በሳላይን (በጨው ውኃ) የራሰ ጎዝ ጣል አድርጌበት ሌላ ሰው አስተናግጄ እመለሳለሁ፤ ለቆ ይጠብቀኛል።

አሁን "የሚሟሟ" ወደሚባለው ልምጣ። እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል፤ የሚሟሟ ክር ሁሉ አንድ አይደለም። ፋርማሲ ሄደሽ ዝም ብለሽ "ቪክሪል" ካልሽ የሚሰጥሽ ተራው ቪክሪል ነው። እሱ ለውስጥ ሥጋ የተሠራ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ለመሟሟት ከ56 እስከ 70 ቀን ይፈጃል። መዳፍ ቆዳ ላይ ከታሰረ ሳምንታት ይቆያል፣ ዙሪያው ይቀላል፣ ያሳክካታል፣ በመጨረሻም እኔው ነኝ የማወጣው። እንግዲህ ከመውጣት አልዳነችም ማለት ነው። ለቆዳ የሚሆነው ቪክሪል ራፒድ የሚባለው ነው። እሱ በአምስተኛው ቀን ገደማ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ መያዝ ያቆማል፣ ከዚያ ይረግፋል። ክሮሚክ ካትጋትም አለ፣ ከከብት ወይም ከበግ አንጀት የሚሠራ፤ እሱ ቆዳን የበለጠ ያስቆጣል። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም አንብቢ። ቁጥሩንም እዪ፤ ለእጅ 4-0 ወይም 5-0 ነው፣ ከዜሮው በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል።

ስለ ላቡ የጠየቅሽው ትክክል ነው። ሲልክና ቪክሪል የተጎነጎኑ ክሮች ናቸው፤ እንደ ኩራዝ ክር እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ናይለን ግን እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር አንድ ወጥ ነው፣ ምንም አይመጥም። በዚህ ሙቀት እኔ ናይለን እመርጣለሁ።

የመኪና ግርግሩ ሰፊ | ግንቦት 9፣ ከሰዓት

እኔ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ክር ሲወራ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብዙ ዓመት መቀስ ይዤ ቀኝ እጄ ላይ የቀለበት ጣቴ ታጥፎ አልዘረጋም አለኝ። ጠዋት ጠዋት በግራ እጄ ስስበው ቀጭ ብሎ ይለቃል። ጅማቱ የሚያልፍበት ቀለበት ጠቦ ነው አሉኝ። መዳፌ ላይ፣ ከጣቱ ሥር፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቀዳዳ ከፍተው ቀለበቱን ቆረጡልኝና በሦስት ናይለን ዘጉት። ሐኪሙ ፊቴን እንዳዞር ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ስፌቱን ማየት ፈለግሁ፤ አየሁትም።

መርፌው ጎባጣ ነው፣ እንደ ጨረቃ። ክር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ክሩ ከመርፌው ጋር ተያይዞ ከፋብሪካ የመጣ ነው። እኛ ክሩን አጥፈን ስለምናስገባ ሁልጊዜ ከመርፌው በኋላ ወፍራም ነገር ያልፋል፣ ጨርቁን ያሰፋዋል። የእሱ ግን ቆዳውን ሳያንገላታ ነው የሚያልፈው። ጫፉም ጠርዝ አለው፣ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ክብ መርፌ አይበሳውም።

እኔ ብሆን በአንድ ክር ሄጄ እጨርሰው ነበር። እሱ እያንዳንዱን ለየብቻ ቋጥሮ ቆረጠ። ለምን አልኩት። "አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ። ደም ወይም መግል ቢጠራቀምም አንዱን ብቻ ፈትቼ አወጣዋለሁ" አለኝ። ሌላው የገረመኝ የጠርዙ ነገር ነው። እኛ ጠርዝን ወደ ውስጥ እንቀለብሳለን፤ እሱ ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጎ ነው ያገጣጠመው። የላዩ ደረቅ ቆዳ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ደረቅ ከደረቅ አይጣበቅም፣ ሕይወት ያለው ከሕይወት ያለው ጋር መገናኘት አለበት አለኝ። ስቦ አላጠበቀውም ደግሞ። "ነገ ያብጣል፣ ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ይጠባል" ነው ያለኝ። እኔም ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስሰፋ ትርፍ የምተወው ለዚሁ ነው።

ክሩ በ12ኛው ቀን ወጣ። ዛሬ ጠባሳዋ ያለችበትን ቦታ ፈልጌ ነው የማገኛት። ልጄ፣ እናትሽን ከክሩ ዓይነት ይልቅ የሚሰፋው እጅ ያሳስብሽ፤ እሱን ደግሞ አግኝታችኋል።

ለገሀር ጋራዥ | ግንቦት 9፣ ማታ

እኔም መዳፌ ላይ ናይለን ነበረኝ፣ እጢ ወጥቶልኝ። ግን በሰባተኛው ቀን ወጣ። ክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ የሚያወጣው ልጅ ቸኩሎ ነበር፣ እኔም አላወቅሁም፣ ደርቋል ሲለኝ አመንኩት። በማግስቱ ክሪክ ይዤ መኪና ሳነሳ ቁስሉ እንደ አፍ ተከፈተ። መልሰው አልሰፉትም፣ ቆሽሿል ብለው። ከአንድ ወር በላይ በየቀኑ እየታጠበ ከሥር ሞልቶ ነው የዳነው። እስከ አሁን መፍቻ አጥብቄ ስይዝ ጠባሳው ይሰማኛል። እህቴ የክሩን ዓይነት እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ቀኑን ግን አጥብቀሽ ያዢ።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ | ግንቦት 9፣ ማታ

ወንድሜ አዝናለሁ፣ ይህን በየጊዜው ነው የማየው። ፊት በአምስት ቀን ይወጣል፤ ያንን የለመደ ሰው እጅንም ያፈጥናል። መዳፍ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ስኳር ላለበት ወደ 14ቱ መጠጋት ነው።

ደወሌ | ግንቦት 10

ጥያቄ አለኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ግንባሩ ተሰንጥቆ በሙጫ ነው የዘጉለት፣ ያለ መርፌ ያለ ክር። በሳምንት ሙጫው ተላጥቶ ወደቀ። እሷም መርፌ የምትፈራ ከሆነ ለምን በሙጫ አይዘጋላትም?

ሲስተር ከገንደ ቆሬ | ግንቦት 10

ግንባር አይታጠፍም፣ እንደ መዳፍም አያልበውም። ሙጫው ደረቅና የማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ ጥሩ ነው፤ መዳፍ ላይ ግን ላቡና መታጠፉ ቶሎ ያስለቅቀዋል፣ ቅባት ከነካውም ይሟሟል። ፕላስተር ብቻውንም እንደዚያው ነው፣ በዚህ ሙቀት ከሰዓት ሳይደርስ ይነሳል። አደራ ደግሞ፣ ይህን አንብቦ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቶ ቁስል ላይ የሚያደርግ አይኑር። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የሕክምናው አይደለም፤ ሲደርቅ ያቃጥላል፣ ሥጋውን ይጎዳል።

ሐኪም ከሐረር | ግንቦት 10፣ ማታ

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእጅ ቀዶ ሕክምና ስለምሠራ የበኩሌን ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ የሚሟሟና የማይሟሟ ክርን ያወዳደሩ ጥናቶች አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ በጠባሳው መልክም፣ በሕመሙም፣ በማመርቀዙም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ ሲስተር ስለ መጎንጎኑ ያለችው እውነት ቢሆንም ንጹሕ የእጅ ቀዶ ሕክምና ላይ ያንን ያህል አያስፈራኝም። የሳቢያኑ አባት ለልጁ የመረጠው ትክክል ነው፤ ለሕፃን እኔም የሚሟሟውን ነው የምጠቀመው፣ ክር ለማውጣት ሲባል ልጅን ለሦስት መያዝ አያስፈልግም።

ለእናትሽ ግን ናይለን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ላቡ አይደለም። የሚሟሟው ክር የሚለቅበትን ቀን የሚወስነው ራሱ ነው። ቁስሉ ደረሰም አልደረሰም በ12ኛው ቀን መያዝ ያቆማል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ግን ዘግይቶ ሊገጥም ይችላል። ናይለን ይጠብቃታል። በ14ኛው ቀን ታይታ ካልገጠመ ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ለተጨማሪ ቀናት መተው ይቻላል። ይህን ዕድል የሚሟሟው አይሰጥም።

ጋራዡ ወንድማችን የደረሰበትም ለዚህ ምስክር ነው። የተዘጋ ቁስል የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ እንኳ ጥንካሬው ከጤነኛው ቆዳ ወደ 20 በመቶ ቢደርስ ነው። ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው በሦስት ወር ገደማ ነው፣ ከዚያም በላይ አይመለስም። ስለዚህ ክሩ ወጣ ማለት ምጣድ ላይ መመለስ ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ የመዳፍ ቆዳ ራሱን የመዝጋት ችሎታው ይገርማል። ጣት በሚያጣጥፈው የዱፒዩትረን ሕመም ላይ ማካሽ የሚባል ሐኪም በ1964 እ.ኤ.አ. የመዳፉን ቁስል ጭራሽ ሳይሰፋ ክፍት መተውን አስተዋውቋል፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ይህን የምለው የሆነ ስፌት ቢለቅባት እንዳትደነግጡ ነው። እየታጠበ ይድናል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ከአሁን እስከ ቀጠሮዋ ግን ዋናው ሥራ ስኳሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ለኩ፣ ከፍ ካለ ለሐኪሟ ቀድማችሁ ንገሩ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እጇን ከልቧ ከፍ አድርጋ ትያዝ፣ ስትተኛ ትራስ ላይ። ጣቶቿን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትዘርጋ፣ ትጨብጥ፤ ፋሻው ሥር እንዲደርቁ አታድርጉ። ከሁለት ቀን በኋላ ንጹሕ ውኃ ቢነካው አይጎዳም፣ መዘፍዘፍ ግን የለም።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ | ግንቦት 11

ዶክተር አመሰግናለሁ፣ ስለ ስኳሩ ያሉት ልብ ያሳርፋል። ውኃው ላይ ግን ልለይ። "ንጹሕ ውኃ" ሲባል ከተማ ውስጥ ያለ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ በጀሪካን ተቀድቶ ሁለት ቀን የሰነበተ ውኃ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ። እኔ ለታካሚዎቼ ክሩ እስኪወጣ ደረቅ ይሁን ነው የምላቸው። መታጠብ ካለበት ፈልቶ የቀዘቀዘ።

ሐኪም ከሐረር | ግንቦት 11

ተቀብያለሁ ሲስተር። ለኤረር ያንቺ ምክር ይሻላል።

የከዚራዋ | ግንቦት 14

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። የጋሼን፣ የልብስ ሰፊውን ስትሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። "ይጠብቃታል" የሚለው ላይ ደግሞ ዝም አለች፤ ከዚያ "እንግዲህ ናይለኑ ይሁን፣ አንቺ ግን እጄን ያዢኝ" አለች። ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር ለሐኪሟ ነግረን መድኃኒቱ ተስተካክሏል።

አንድ ሌላ ጭንቀት ግን አለብኝ። አክስቴ ከአሁኑ የተፈጨ ቡና አዘጋጅታ ትጠብቃለች፣ ቁስል ያደርቃል ብላ። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች።

ሲስተር ከገንደ ቆሬ | ግንቦት 14

ቡናውን አፍልታ ለጠያቂ ታጠጣልሽ፣ በዚያ ትካስ። ቁስል ላይ ግን አይሆንም። ዱቄቱ ክሩ መሀል ይገባና ይጋገራል፤ ሥሩ መግል ቢይዝ እንኳ አይታይም። ቅቤም እንደዚሁ። ቁስሉ ዙሪያ ቀይ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው እየነዘረ ከጨመረ፣ መግል ካየሽ ወይም ካተኮሳት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ነይ። ፋሻው ሥር ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩም በሌሊትም ቢሆን ይላላ።

የከዚራዋ | ግንቦት 15፣ ማታ

ተደረገላት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እሷ ከዶክተሩ ጋር ስለ ኤረር ሎሚ እያወራች፣ እኔ ነኝ ላብ ያጠመቀኝ። አምስት ናይለን ነው። አሁን እጇን ሁለት ትራስ ላይ አድርጋ ተኝታለች፣ ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ በየሰዓቱ አስታውሳታለሁ።

ለገሀር ጋራዥ | ግንቦት 22

ሳምንት ሞላ እህቴ። ማንም ደርቋል ቢልሽ እንዳታስወጪ።

የከዚራዋ | ግንቦት 22

በአላህ ወንድሜ፣ አንተን ሳስብ ነው የዋልኩት። ዛሬ ፋሻ ልናስቀይር ሄደን አንዱ "ሊወጣ ይችላል" ሲለን "የተባልነው 14 ነው" ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት። ተወው።

የከዚራዋ | ግንቦት 29፣ ከሰዓት

ዛሬ 14ኛ ቀኗ ነው፣ ወጣላት። እጄን ጨብጣ ነበር የገባችው፤ የመጀመሪያው ክር ሲመዘዝ "ይኸው ነው?" ብላ ለቀቀችኝ። ከዚያ የቀሩትን ራሷ እያየች ቆጠረች። አራተኛው ደም ደርቆበት ተይዞ ነበር። ሲስተር እንዳለችው ነርሷ ጎዝ አርሳ አስቀመጠችበትና ቆይታ ስትመለስ በራሱ ላልቶ ወጣ። ከጫፉ በኩል ትንሽ ቦታ ገና ለስላሳ ስለሆነ ቀጭን ፕላስተር አግድም ለጥፈውበታል፣ ለሳምንት።

ሌሊት እጇን ማራገፍ ካቆመች ዐሥር ቀን ሆናት። መዳፏን ከግርጌው ግራና ቀኝ ስትጫነው ግን ያማታል።

ሐኪም ከሐረር | ግንቦት 29፣ ማታ

እንኳን ደስ ያላችሁ። ያ ሕመም የሚጠበቅ ነው፣ ጅማቱ የተቆረጠበት ቦታ ነው፤ እስከ ሦስት ወር ሊቆይና ቀስ እያለ ሊጠፋ ይችላል። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ጠባሳውን በቫዝሊን በቀን ጥቂት ጊዜ በአውራ ጣት ትሸው፣ ከሥሩ ጋር እንዳይጣበቅ። ከባድ ነገር ግን አታንሳ።

የመኪና ግርግሩ ሰፊ | ግንቦት 29፣ ማታ

አልሐምዱሊላህ። ስንት ክር ነበር ያልሽኝ? አምስት። ለመዳፍ አምስት ጥሩ ስፌት ነው። ሰላም በይልኝ።

የከዚራዋ | ግንቦት 30

ብያታለሁ ጋሼ፣ ሱሪ ለማሰፋት ሐረር እመጣለሁ ትላለች። ዛሬ ጠዋት ሳላያት ሊጥ ልታቦካ እጇን ልትነክር ስትል ደረስኩባት። ምጣዱን እኔ ነኝ የጣድኩት። አክንባሎውንም እስከ ሐምሌ መጨረሻ እኔ ነኝ የማነሳው፤ ተስማምተናል።